የወላጅና የአስተማሪ መነጋገር

ልጅ የሁለት ሰዎች አደራ ነው። በቤት ወላጆቹ ይጠብቁታል፤ በተማሪ ቤት አስተማሪው ይጠብቀዋል። እነዚህ አደራ ጠባቂዎች ሳይነጋገሩ ቢቀሩ የሚጎዳው ልጁ ነው።

በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ አባት ልጁን ይዞ ሄዶ ለየኔታ ያስረክብ ነበር። ልጁም 33ቱን ፊደላት ከነሰባቱ ድምፃቸው ቈጥሮ፣ አቡጊዳንና መልእክተ ዮሐንስን ተምሮ፣ ወደ ዳዊት ይደርስ ነበር። ዳዊት በደገመ ጊዜ ወላጆቹ ድግስ አዘጋጅተው መምህሩን ያከብሩ ነበር። ይህ ልማድ መልካም ነው። ነገር ግን ልጁን ባስረከቡበት ቀንና በድግሱ ቀን መካከል ብዙ ጊዜ አለ፤ መነጋገር የሚያስፈልገውም በዚያ መካከል ነው።

አንድ ብላቴና ነበረ። ማሽላ በደረሰ ጊዜ ወፍ እንዲጠብቅ አባቱ አዘዘው። ወፍ የሚበረታው ማለዳ ነውና ልጁ ገና ሳይነጋ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይወጣል፤ ወደ ተማሪ ቤትም አርፍዶ፣ ደክሞትም ይገባል። አስተማሪው የማሽላውን ነገር አያውቅምና ሰነፍ ነህ ብሎ ገሠጸው። ብላቴናው ለአባቱ መገሠጹን ተናገረ፤ ማርፈዱን ግን ሸሸገ። አባቱም በልጁ ፊት «ይህ አስተማሪ ክፉ ሰው ነው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ የአስተማሪውን ቃል ናቀ። እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ እንኳ ለአስተማሪው «ወፍ ስጠብቅ ነበር»፣ ለአባቱም «ከተማሪ ቤት መጣሁ» እያለ በወንዝ ዳር ይውል ጀመር። ሁለቱ ሰዎች የተገናኙት መንፈቅ ካለፈ በኋላ በገበያ ነው። በጥቂት ቃል ሁሉ ተገለጠ፤ ነገር ግን ጓደኞቹ ወደሚቀጥለው ክፍል ሲያልፉ ብላቴናው ቀረ።

ልጁ ዋሽቷል፤ ይህ ጥፋት ነው። ነገር ግን የሚበልጠው ጥፋት የታላላቆቹ ነው፤ በመካከላቸው ከልጁ በቀር ሌላ መልእክተኛ አላደረጉምና። አባቱ አስቀድሞ ሄዶ «እህሉ እስኪገባ ድረስ ልጄ ያረፍድብዎታል» ቢል ኖሮ፣ አስተማሪው ያመለጠውን ትምህርት ከቀትር በኋላ ባስተማረው ነበር። አስተማሪም ከመገሠጽ በፊት መጠየቅ ይገባዋል። ደግሞም ወላጅን የሚያስጠራው ልጅ ባጠፋ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ ወላጅ ተማሪ ቤቱን እንደ ዳኛ ደጅ ይፈራዋል። ልጁ መልካም በሠራ ጊዜም ሊያስጠራው ይገባል።

በዛሬው ዘመን በኢትዮጵያ ተማሪ ቤቶች የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት የሚባል ጉባኤ አለ። ጉባኤው ስለ አጥርና ስለ ጣራ ብቻ ተመካክሮ ቢበተን ግን፣ አጥሩ ይታጠራል እንጂ የልጆቹ ነገር ሳይነሣ ይቀራል።

አንዳንድ ሰዎች «ማንበብ የማያውቅ ወላጅ አስተማሪን በምን ይረዳል?» ይላሉ። ይህ አሳብ ስሕተት ነው። እናት ፊደል ባትቈጥርም፣ ማታ ልጅዋን በብርሃን አጠገብ አስቀምጣ «የዛሬውን አንብብልኝ» ልትለው ትችላለች። ንባቡ ሲሰናከል ጆሮዋ ይሰማል። ያንጊዜ ከፈትልዋ ጥቂት ክር ቈርጣ በዚያ ገጽ መካከል ታኖራለች፤ አስተማሪውም በማግሥቱ መጽሐፉን ክሩ ካለበት ገልጦ ከዚያ ይጀምራል።