በድሬዳዋ መሬት ከመሸንሸኑ በፊት የጎርፉ ከፍታ ሊታወቅ ይገባል

ሐተታ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም የባቡር ሐዲዱን ተከትላ የተቆረቆረች፣ ዛሬ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክና ከነሐሴ 2014 ዓ.ም ወዲህ የነፃ ንግድ ቀጠና ያላት ከተማ ናት። ይህም የመኖሪያ፣ የመጋዘንና የመንገድ መሬት ፍላጎትን ከፍ ማድረጉ አይቀርም። ከዚራንና መጋላን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ግን የራሱን ድርሻ መሬት ይፈልጋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ ነዋሪው በተኛበት ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ሕይወት መቅጠፉና በሺዎች የሚቆጠሩትን ማፈናቀሉ ይታወሳል። ከዚያ በኋላ በዳርቻው የመከላከያ ግንብ ቢሠራም፣ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም በከተማዋ የደረሰው ጎርፍ ዳግም የሰው ሕይወት አጥፍቷል።

ከዚህ አኳያ ማንኛውም የማስፋፊያ ፕላን ከመጽደቁ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ውኃው የት ድረስና ምን ያህል ከፍታ ይደርሳል የሚለው ነው። መልሱ በደቻቱ ላይ በቀላሉ አይገኝም። ወንዙ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሲሆን፣ በስተደቡብ ባሉት ተራሮች ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል በጥቂት ሰዓታት ይሞላል፤ ፈጥኖም ይጎድላል። በእንዲህ ዓይነት ወንዝ ላይ የተተከለ መለኪያ እጅግ በሚፈለግበት ሰዓት በጎርፍ ሊወሰድ ወይም በደለል ሊቀበር ስለሚችል፣ ባለሙያው በፍሰት መዝገብ ላይ ብቻ ሊተማመን አይችልም።

ስለዚህ ስሌቱ ከሁለት አቅጣጫ መሠራት አለበት። አንደኛው ከዝናቡ ተነስቶ በተፋሰሱ ስፋት፣ ተዳፋትና የአፈር ሁኔታ አማካይነት ወደ ወንዙ የሚወርደውን ውኃ መገመት ነው። ሁለተኛው ያለፈው ጎርፍ በግድግዳ፣ በድልድይ ምሰሶና በዛፍ ላይ የተወውን ምልክት በቀያሽ መሣሪያ ለክቶ፣ ከወንዙ ስፋትና ጥልቀት፣ ከቁልቁለቱና ከወለሉ ሸካራነት በማኒንግ ቀመር የፍሰቱን መጠን ወደ ኋላ ማስላት ነው። የሁለቱ ውጤት እጅግ ከተራራቀ አማካዩን ወስዶ ማለፍ ተገቢ አይደለም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መመርመር አለበት፤ ብዙውን ጊዜ በተራራው ላይ ያሉት የዝናብ መለኪያዎች ማነስ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው።

በዚህም ላይ ደቻቱ የሚያወርደው ውኃ ብቻ አይደለም፤ አሸዋና ድንጋይም ጭምር ነው። ወለሉ በደለል አንድ ሜትር ከፍ ካለ የመከላከያ ግንቡ ያንኑ ያህል አጠረ ማለት ነው። ዘንድሮ በተለካ ወለል ላይ የተሰላ ከፍታ ከሁለት ክረምት በኋላ ላይሠራ ይችላል። በግንድና በቆሻሻ የተዘጋ ድልድይም ከበላዩ ያለውን የውኃ ከፍታ ይጨምራል፤ ስሌቱ ይህንን ካላካተተ ውጤቱ ከእውነታው ያነሰ ይሆናል።

በጽሕፈት ቤቶች ዘንድ በተደጋጋሚ የሚሳሳት አንድ አነጋገር አለ፤ እርሱም «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚለው ነው። ትርጉሙ በየዓመቱ የመድረስ ዕድሉ ከመቶ አንድ የሆነ ጎርፍ ማለት እንጂ ከአንዱ እስከ ሌላው መቶ ዓመት ይቆያል ማለት አይደለም። ሠላሳ ዓመት በሚያገለግል ቤት ዕድሜ ውስጥ እንዲህ ያለ ጎርፍ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ 26 በመቶ፣ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ደግሞ 39 በመቶ ገደማ ነው። ለመጋዘን የሚበቃው ዋስትና ለሆስፒታል ወይም ለትምህርት ቤት ላይበቃ ይችላል።

ካርታውን በተመለከተ፣ በነፃ የሚገኘው የሠላሳ ሜትር የሳተላይት የከፍታ መረጃ ለቅድመ ጥናት ቢጠቅምም ለመሬት ሽንሸና አይበቃም። ከሺህ ሜትር አንድ ሜትር ብቻ በሚያዘቀዝቅ ሜዳ ላይ የአንድ ሜትር ስህተት የጎርፉን ወሰን አንድ ኪሎ ሜትር ያዛውራል፤ የሳተላይቱ ስህተት ደግሞ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። የመሬት ቅየሳ ወጪ በዝቶ የሚታየው ከፕላን በጀት ጋር ሲነጻጸር እንጂ ከ1998ቱ ጉዳት ጋር ሲነጻጸር አይደለም። ካርታው ግንቡ ውኃውን ሲይዝ ብቻ ሳይሆን ውኃው ግንቡን ሲያልፍ ወይም ሲሰብር የሚጥለቀለቀውንም ማሳየት ይኖርበታል። በግንቡ ተማምኖ ወደ ወንዙ የተጠጋ ሰፈር ጉዳቱን ያበዛልና።

አስቸጋሪው ጉዳይ ወሰኑ ከተሰመረ በኋላ ይጀምራል። መስመሩ በሊዝ ገቢ ሊያስገኝ በሚችል ቦታ ላይ፣ አልፎም ሰዎች በሚኖሩባቸው ቤቶች ላይ ማለፉ አይቀርም። በአንዱ ዳርቻ አፈር ሞልቶ መገንባት መፍትሔ ቢመስልም ውኃውን ወደ ማዶው ሰፈር ይገፋዋል። ኃይለኛ ጅረት የሚያልፍበትን ቀጠና ከግንባታ ነፃ ማድረግ፣ ውኃው በዝግታ በሚተኛበት ጠርዝ ላይ ደግሞ የቤቱን ወለል ከተሰላው ከፍታ በላይ እንዲሆን ማስገደድ የተሻለ አማራጭ ነው። ይህ ግን በፕላኑ ደንብና በግንባታ ፈቃዱ ላይ በቁጥር ካልሰፈረ ካርታው በመደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ሥራው ዛሬ ነገ ሊባል የማይገባው በሌላም ምክንያት ነው። የ1998ቱን ጎርፍ ከፍታ የሚያሳዩ ግድግዳዎች በየዓመቱ ቀለም እየተቀቡና እየፈረሱ፣ ውኃው የደረሰበትን በጣታቸው ሊያመለክቱ የሚችሉ ነዋሪዎችም በዕድሜ እየገፉ ነው።