ዘፋኙ የማንን እንጀራ ቀማ?

«ዘፋኝ በማይክራፎኑ፣ ተዋናይ በመድረኩ!» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አባባሉ ሲሰሙት ሥርዓት ያለው ይመስላል። ችግሩ፣ ዘፋኝ ወደ ቴአትር ብቅ ባለ ቁጥር እነዚህ ወዳጆቼ ተውኔቱ ምን እንደሆነ አይጠይቁም፤ የተሰጠው ሚና ምን እንደሚፈልግም አይጠይቁም። የሰውየውን የሥራ መታወቂያ ብቻ አይተው «አይመለከትህም» ብለው ከበር ይመልሱታል። ሰሞኑን ደግሞ ክርክራቸውን ለማጠናከር ዴቪድ ቦዊን ጠቀሱልኝ። የጠሩት ምስክር ግን የመሰከረው በእነርሱው ላይ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1982 የእንግሊዙ ቢቢሲ የቤርቶልት ብሬሽትን «በኣል» የተሰኘ ተውኔት በቴሌቪዥን አሳየ። (ስሙ ነቢዩ ኤልያስ የተሟገተው የጣዖቱ ስም ነው እንጂ ከሚስትና ከባል ጉዳይ ጋር አይገናኝም።) መሪ ተዋናዩ የሮክ ዘፋኙ ቦዊ፣ አዘጋጁ አለን ክላርክ ነበሩ። ክላርክ ማለት የወጣት ጥፋተኞችን ማረሚያ ቤት ጭካኔ ያሳየበት «ስከም» የተባለ ሥራው በ1977 በዚያው በቢቢሲ እንዳይታይ የታገደበት ሰው ነው። እንዲህ ያለ አዘጋጅ የታዋቂ ዘፋኝን መልክ ለማስጎብኘት ብሎ ካሜራ አይተክልም።

ለመሆኑ በኣል ማን ነው? ገጣሚና ዘፋኝ ነው፤ በየመጠጥ ቤቱ የገዛ ግጥሙን ያዜማል። ሜሽ የሚባል ባለጸጋ ነጋዴ ቤቱ ጋብዞት «ግጥሞችህን ላሳትምልህ» ይለዋል። እንግዶቹ በአድናቆት ይከቡታል። እርሱ ግን ይበላል፣ ይጠጣል፣ የጋባዡን ሚስት ይመኛል፣ ግብዣውን አደፍርሶ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቁልቁለት ነው። ያሳሳታት ዮሐና ውኃ ውስጥ ገብታ ትሞታለች፤ ጓደኛውን ኤካርትን በእጁ ይገድላል፤ በመጨረሻም በጫካ ውስጥ፣ በእንጨት ቆራጮች ጎጆ ብቻውን ይሞታል።

እንግዲህ ይህን ሰው ማን ይጫወተው? ድምፁን ያሠለጠነ ጎበዝ ተዋናይ ዘፈኖቹን አሳምሮ ሊዘፍናቸው ይችላል። የራት ግብዣው ትዕይንት የሚቆመው ግን እኛም ተመልካቾቹ የእንግዶቹ ጉጉት በጥቂቱ ሲነካን ነው። ይህን ሰው ቤታቸው ሊያስገቡት፣ ሊያሳትሙት፣ የእኛ ነው ሊሉት ለምን እንደፈለጉ ካልገባን፣ ግብዣውን ማደፍረሱ ተራ ብልግና ሆኖ ይቀራል። ቦዊ በ1972 ዚጊ ስታርደስት የተባለ ፍጡር ፈጥሮ፣ ፊቱን ተቀብቶ መድረክ ላይ ወጣ። ሕዝቡ ሊውጠው ደረሰ። በሐምሌ 1973 በለንደኑ ሐመርስሚዝ ኦዲዮን ዚጊን በአደባባይ አሰናበተው። አድናቂዎች ሊበሉት የሚጋብዙት ሰው ምን እንደሚሰማው ከትወና ትምህርት ቤት የተማረው አይደለም፤ ኖሮበታል።

ሌላም አለ። ብሬሽት «በኣል»ን በ1918 ሲጽፍ የሃያ ዓመት ወጣት ነበር፤ በአውግስቡርግ ከተማ መጠጥ ቤቶች ጊታሩን ይዞ የገዛ ግጥሙን የሚዘፍን ወጣት። ታዲያ ዘፋኙ አጥር ዘሎ የገባ እንግዳ ነው ወይስ ተውኔቱ ሲወለድ እቤት የነበረ ዘመድ? መሰንቆውን አንግቦ ጠጅ ቤት የሚገባውን አዝማሪ እያየ ላደገ፣ ከአገር ፍቅር ቴአትር ቤት አንጋፋዎች መካከል ስንቶቹ እየዘፈኑ ይተውኑ እንደነበር ለሚያውቅ አበሻ ይህን ማስረዳት ባላስፈለገም ነበር።

አቀራረቡንም ተመልከቱት። ጥርሱ የቆሸሸ፣ ጺሙ ያደገ፣ ልብሱ የነተበ ቦዊ ነው የሚታየው። ካሜራው ብዙውን ጊዜ ከሩቅ ቆሞ ያየዋል፤ አድናቂ የሚናፍቀውን ፊት ይነፍገዋል። በዘፈኖቹ ጊዜ መስኮቱ ለሁለት ይከፈልና ሰውየው ባንጆውን ይዞ ፊት ለፊት እያየን፣ ሳያባብለን ይዘፍናል። ደግሞም ጀማሪ አልነበረም። በ1980 በብሮድዌይ መድረክ «ዘ ኤሌፋንት ማን» በተባለው ተውኔት የአካል ጉዳተኛውን ሰው ያለ አንዳች ሰው ሠራሽ ገጽታ፣ በሰውነቱ አቋምና በድምፁ ብቻ ተጫውቶታል።

«ገንዘብ ፈልጎ ነው» ይሉኛል። ቁጥሩ ይናገር። በኅዳር 1981 ከክዊን ጋር የዘፈነው «አንደር ፕሬሸር» በእንግሊዝ ሽያጭ አንደኛ ወጣ። በ1983 «ሌትስ ዳንስ» አንደኛ ወጣ። በሁለቱ መካከል፣ በበርሊኑ ሐንሳ ስቱዲዮ የተቀዳው የ«በኣል» አምስት ዘፈኖች ሸክላ የደረሰው 29ኛ ላይ ነው። ገበያ ያሰበ ሰው እንዲህ አይነግድም።

ከወቀሳው የምቀበለው ክፍል ግን አለ። ሥራ ፈትቶ ስልክ የሚጠብቅ ተዋናይ ቁጣ እውነተኛ ቁጣ ነው። እዚያው ቢቢሲ በ1983 የ«ዘ ሁ» ቡድን ዘፋኝ ሮጀር ዳልትሪን ሁለት ቦታ አሠርቶታል። አንዱ የጆን ጌይ «የለማኞች ኦፔራ» ውስጥ ማክሂዝን ሆኖ ነው፤ ዘፈን የሞላበት ሥራ ነውና ቅሬታ የለኝም። ሌላው በሼክስፒር «የስሕተቶች ኮሜዲ» ውስጥ ሁለቱን መንትያ አገልጋዮች፣ ድሮሚዮዎቹን ሆኖ ነው። ድሮሚዮ የሚፈልገው የዘፋኝን ጉሮሮ ሳይሆን ቃልን በቅልጥፍና እየቀበለ የሚመልስ ቀልደኛ ምላስ ነው፤ የዘፋኝነት ዝናው እዚያ ምን ሥራ እንደነበረው ለእኔ አልታየኝም። በዚህኛው ላይ የተዋናዮቹን አቤቱታ አብሬ እፈርማለሁ። አቤቱታው ግን የሚጻፈው ለቀጠረው ክፍል ነው፤ ዘፋኙማ ተጠርቶ መጣ።

በተውኔቱ መጨረሻ በኣል ሊሞት ሲል በእጅና በጉልበቱ እየዳኸ ወደ ጎጆው በር ይሄዳል፤ ከዋክብቱን ለማየት። ወዳጆቼ የቦዊን «በኣል» እስከዚያ ድረስ ቁጭ ብለው ይዩትና፣ ያ ሚና የየትኛው ተዋናይ እንጀራ እንደነበረ በስም ይንገሩኝ።