የሳምዋ ሴቶችና የእኅትማማችነት ድንበር

አንዳንድ ጸሐፍት የአሜሪካን የሴቶች ንቅናቄ ታሪክ ሲተርኩልን፣ ንቅናቄው አንድ ልብ ሆኖ ከወንዶች የበላይነት ጋር ብቻ እንደተፋለመ አድርገው ያቀርቡታል። ትረካው ያማረ ነው፤ እውነቱ ግን ጎዶሎ ነው። በገዛ እኅቶች ላይ በር የተዘጋበትን ዘመን ይዘልላልና።

እ.ኤ.አ. በ1978 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ «ሳምዋ» የተሰኘ ማኅበር ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ መካከል የአንትሮፖሎጂ ምሁሯ ጌይል ሩቢንና፣ ያን ጊዜ ፓት ይባል የነበረው ጸሐፊ ፓትሪክ ካሊፊያ ይገኙበታል። አባላቱ ሌዝቢያንም ፌሚኒስትም ነን የሚሉ፣ በፍቅር ሕይወታቸው የማዘዝና የመታዘዝን ጨዋታ በስምምነት የሚፈጽሙ ነበሩ፤ ከሚለበሰው ጥቁር ቆዳ ስሙን ላገኘው «የቆዳ ማኅበረሰብ» የሴቶች ወገን ሆኑ።

ያወገዟቸው ፖሊስና ካህን ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ባልደነቀን። ከፊት የተሰለፉት ግን ፌሚኒስቶች ነበሩ። ክርክራቸውን አላቃልልም፤ ባል ሚስቱን በሚደበድብበት ዓለም በትርን ጨዋታ ማድረግ የግፈኛውን ቋንቋ መዋስ ነው ይሉ ነበር። ይሁን እንጂ የተገደደችውንና የፈቀደችውን በአንድ ሚዛን የሚመዝን ሰው፣ የሴቲቱን «እምቢ» አከብራለሁ ቢል እንዴት እንመነው? «እሺታዋን» ከንቱ ያደረገ «እምቢታዋንም» ዋጋ አሳጥቷል። የደብዳቢውን ባል ወንጀል በእነዚህ ሴቶች ላይ መለጠፍ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው።

ውግዘቱ በቃል ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1982 በኒውዮርኩ ባርናርድ ኮሌጅ ስለ ሴቶችና ወሲብ ጉባኤ ሲካሄድ፣ ተቃዋሚ ሴቶች በራሪ ወረቀት በተኑ። የኮሌጁ አስተዳደርም ለጉባኤው የታተመውን መድብል አስቀድሞ ወረሰ። ሴት ድምፅ ይኑራት ብሎ የተነሣ ወገን፣ የሴቶች ጽሑፍ ሲወረስ ደስ የሚለው ከሆነ ከሳንሱር ሹም በምን ይለያል?

የሳምዋ ሴቶች ግን ሌላ ሰው እንዲጽፍላቸው አልጠበቁም። እ.ኤ.አ. በ1981 «ካሚንግ ቱ ፓወር» የተባለውን የልቦለድና የመጣጥፍ መድብል ራሳቸው አሳተሙ። ዛሬ ስለ እነርሱ በራሳቸው አንደበት ማንበብ የምንችለው ስለዚህ ነው።

ማኅበሩ ፍጹም አልነበረም፤ በውስጥ ጠብ ተናግቶ በ1983 ፈረሰ። በዓመቱ «አውትካስትስ» ተተካ፤ «የተጣሉ» ማለት ነው። እርሱም በ1997 ሲያከትም «ኤክዛይልስ» ተመሠረተ፤ «ስደተኞች» ማለት ነው። ስሞቹን ልብ በሉ። በገዛ ከተማው፣ በገዛ ንቅናቄው መካከል ራሱን ስደተኛ ብሎ የሚሰይም ሰው ያለ ምክንያት አይሰይምም።

የንቅናቄውን ታሪክ የምትጽፉ ሁሉ፣ ይህንንም ምዕራፍ ጻፉት። የድሉን ቀን ስትቆጥሩ፣ በሩ የተዘጋበትንም ቀን ቁጠሩ፤ ማን እንደዘጋውም ሳታድበሰብሱ ንገሩን። ፍርዱን አንባቢ ይስጥ።