ብጉር አይደለም፣ ወገን!

«ነፍስሽ ከተረፈች ምን አነሰሽ? አሁን ስለ ፊትሽ ትጨነቂያለሽ?» ካንሰር ይዟት መድኃኒት የጀመረችና ፊቷ ሽፍታ በሽፍታ የሆነባት ሴት ይህችን ንግግር በደንብ ታውቃታለች። ጎረቤት ይላታል፣ አክስት ትላታለች፣ አንዳንዴም ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ይደግማታል። እኛ ደግሞ ይህች ንግግር ሰው ትጎዳለች ባዮች ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤርሎቲኒብ፣ ጄፊቲኒብ፣ ሴቱክሲማብ የሚባሉት መድኃኒቶች የካንሰሩ ሕዋስ «እደግ» የሚለውን መልእክት የሚቀበልበትን በር ይዘጋሉ። ያው በር ግን ጤነኛው ቆዳችን ላይም ሞልቷል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ፊት፣ ደረት፣ ጀርባና የራስ ቆዳ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ይወጣል። ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ወደ ሌላ ሰው አይጋባም። ምችም አይደለም፣ ዳማ ከሴውን ተዉት።

ይህን ቀድሞ ያልነገሯት ሴት ምን ታደርጋለች? ለብጉር የሚሸጠውን ክሬም ትገዛለች፤ እሱ ደግሞ ቆዳን ስለሚያደርቅ ያብስባታል። ወይ ፊት የሚያቀላውን ትቀባለች። (በየኮስሞቲክስ ቤቱ ስንት ኃይለኛ ስቴሮይድ ያለ ማዘዣ እንደሚቸበቸብ ሌላ ቀን እናወራለን።) ሁሉም ሲያቅታት ለማንም ሳትናገር ክኒኑን ታቆማለች። እንግዲህ ስለ ፊት መጨነቅ ቅንጦት ነው ያላችሁ፣ ነፍሷን የሚያተርፈውን መድኃኒት ያስጣላት ያው ፊቷ ነው! የሚያናድደው ደግሞ፣ በእነዚህ መድኃኒቶች ሽፍታው የወጣባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ የተሻለ ውጤት እንደሚያገኙ ጥናቶች ማሳየታቸው ነው። ያልወጣበትም ቢሆን መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም።

መፍትሔው ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ከነዚሁ ወገን የሆነውን ፓኒቱሙማብን የሚወስዱ 95 ሕሙማንን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ሽፍታው ሳይወጣ አስቀድመው የቆዳ ማለስለሻ፣ የፀሐይ መከላከያ፣ ቀለል ያለ የስቴሮይድ ክሬምና ዶክሲሳይክሊን ጀመሩ። ሌሎቹ ሽፍታው ሲወጣ ብቻ ታከሙ። መካከለኛና ከዚያ የከፋ የቆዳ ጉዳት የደረሰባቸው ከኋለኞቹ 62 በመቶ፣ ከፊተኞቹ 29 በመቶ ነበሩ።

ዶክሲሳይክሊን የቆየ፣ ርካሽ መድኃኒት ነው፤ ሐኪም ይዘዘው እንጂ፣ ለነፍሰ ጡርም አይሆንም። ቫዝሊን የትም ሱቅ አለ። የፀሐይ መከላከያው ውድ ነው፣ እሺ። ሰፊ ባርኔጣና ነጠላስ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ክረምት ነው፣ ደመና ነው ብሎ መዘናጋት አያዋጣም። ፊትን በፈላ ውሃና በልብስ ሳሙና መፈተግም ይቅር።

ሌላም አለ። የሕክምና መጻሕፍቱ «ቆዳው ይቀላል» ይላሉ፣ ፎቶውም በአብዛኛው የፈረንጅ ነው። እኛ ላይ ግን ሽፍታው ጠቆር፣ ወይን ጠጅ መሰል ብሎ ይታያል፤ ከዳነ በኋላም ጥቁር ምልክቱ ለወራት ይቀራል። ቀይ የሚፈልግ ሐኪም «ምንም የለብሽም» ብሎ ቢሸኛት ይገርማል?

ስለዚህ ክኒኑን የሚጽፈው እጅ ቅባቱንም እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። መድኃኒቱን በሻንጣ ከውጭ የምትልኩ ዘመዶችም፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብባችሁ በስልክ በአማርኛ ንገሯት። በተለይ ይህችን አትርሱ፦ ትኩሳት ከመጣ፣ ቆዳው ውሃ ከቋጠረ ወይም ከተላጠ፣ አፍና ዓይን ከቆሰለ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ትሂድ።