«ሲስተም የለም» የሚያሰኘው ንድፍ

በአገራችን ብዙ ቅርንጫፍ ያለው መሥሪያ ቤት ኔትወርክ ሲዘረጋ የሚቀናው ቅርጽ አንድ ነው፤ ዋናው መሥሪያ ቤት መሐል ይቀመጣል፣ ቅርንጫፎቹ እያንዳንዳቸው በአንድ መስመር እሱ ላይ ይታሰራሉ። ባለሙያዎች ኮከብ ይሉታል። ማዕከሉ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ከቃላሚኖ ዓይደር የሚላክ ፋይል ሁለቱም መቐለ ሆነው ሳለ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል፤ በመኪና መንገድ ቢለካ ደርሶ መልሱ ከ1,500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መስመሩ ሲቆረጥ ባለጉዳዩ መስኮት ላይ «ሲስተም የለም» ይባላል፤ ጥፋቱም በመስመሩ ይሳበባል። ከመስመሩ በፊት ግን ንድፉ ሊጠየቅ ይገባል።

ኮከቡ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ወረዳዎችን የሚያገናኘው የመንግሥት ኔትወርክ፣ ወረዳኔት፣ ሲዘረጋ ፋይበር ላልደረሰባቸው ወረዳዎች የነበረው አማራጭ ቪሳት የሚባለው የሳተላይት መገናኛ ነበር። ሳተላይቱ 36,000 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍ ብሎ ስለሚገኝ መልእክት ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ በማዕከል በኩል ወደ ሌላ ወረዳ ሲሄድ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። ዛሬ ፋይበር ባለበት ከተማ መዘግየቱ ከቁጥር አይገባም፤ የመቐለና የአዲስ አበባ ደርሶ መልስ በሺኛ ሰከንድ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ክርክሬ በፍጥነት ሳይሆን በጥገኝነት ላይ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ትግራይ አብዛኛውን ጊዜ ከቴሌኮም አገልግሎት ውጭ ነበረች። ያ የንድፍ ስህተት ውጤት አልነበረም፤ አገልግሎት በሙሉ ሲዘጋ የትኛውም ቅርጽ አያድንም። ሆኖም አንድ ጥያቄ ጥሎልን አልፏል፦ ከማዕከል ጋር ያለው ግንኙነት ሲጠፋ በእጃችን ምን ይቀራል? በኮከቡ መልሱ «ምንም» ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ወጪ ነው። እውነት ነው፣ 50 ቅርንጫፎች እያንዳንዳቸው ከሁሉም ጋር ይገናኙ ቢባል 1,225 መስመር ያስፈልጋል። ይህን ግን ማንም አልጠየቀም። የኔትወርክ ተመራማሪው ፖል ባራን በ1964 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ጣቢያዎችን ለማገናኘት ከሚበቃው ዝቅተኛ የመስመር ብዛት ሦስት ወይም አራት እጥፍ ብቻ ቢኖር እንኳ ኔትወርኩ ከባድ ጉዳት ይቋቋማል። ለመቐለ ከዚያም ያነሰ ይበቃል፦ ቃላሚኖን፣ ዓይደርንና ኲሓን የሚያገናኝ የከተማ ማዕከል፣ ለዕለት ሥራ የሚሆን ሰርቨር፣ ወደ አዲስ አበባ ሁለት መስመር። ሁለቱ በአንድ ቦይ ከተቀበሩ ግን አንድ ቁፋሮ ሁለቱንም ይበጥሳቸዋል፤ የተለያየ መንገድ መያዛቸው በውል መረጋገጥ አለበት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቁጥጥር ነው፤ ሁሉም ነገር በማዕከል ካላለፈ ማን ምን እንደሠራ እንዴት ይታወቃል ይባላል። እዚህ ላይ ሥልጣንና ሽቦ ተምታተዋል። ማን እንደሚያይና ማን እንደሚያጸድቅ የሚወስነው የተጠቃሚ ፈቃድ፣ የምስጢር ቁልፍና የክንውን መዝገብ ነው። በር ሲበዛ ዘበኛ መጨመሩ እርግጥ ነው፤ የከተማው ማዕከል ፋየርዎልና የሠለጠነ ባለሙያ ይሻል፣ ወጪውንም ዋናው መሥሪያ ቤት መሸፈን አለበት። የባንክ ሒሳብን የመሰለ አንድ ቋት የሚሻ ሥራ መስመር ሲጠፋ ቢቆም ተገቢ ነው፤ አለዚያ አንዱ ብር ሁለቴ ይወጣል። የተማሪ ምዝገባ፣ የሕመምተኛ ካርድ ፍለጋና የደብዳቤ ልውውጥ ግን አብረው የሚቆሙበት ምክንያት የለም። ስለዚህ የጨረታ ሰነዱ ስለ መስመር ፍጥነት ከመጠየቁ በፊት፣ መስመሩ ሲቆረጥ የትኛው ሥራ እንደሚቀጥል ይጠይቅ፤ መልስ የሌለው ንድፍ ዋጋው ቢረክስም አይገዛ።