ሰባት ሳምንት ሆቴል የተቀመጠ ሰው ሙሳፊር ነው?



ከግቢያችን ለልምምድ ወይም ለስልጠና ውጭ አገር የሚሄድ ተማሪ ሲገኝ ጀመዓው የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ አሳማ እንዳትበላ፣ መጠጥ ካለበት ራቅ፣ ዓይንህን ሰበር አድርግ። ምክሩ ልክ ነው፣ የሚከራከርበት የለም። ነገር ግን ባለፈው ክረምት ለፋብሪካ ልምምድ ፍራንክፈርት ሄደን፣ በየአገሩ ቅርንጫፍ ያለው አንድ የአሜሪካ ሆቴል ውስጥ ሰባት ሳምንት ተቀመጥን። እዚያ ያየሁት ፈተና ከዚህ ምክር ውስጥ የለበትም። ከመካከላችን አሳማ የበላ አልነበረም፣ የጠጣም አልነበረም። ሰውን የያዘችው "ሙሳፊር ነኝ" የምትለዋ ቃል ናት።

አምስት ሙስሊሞች ነበርን። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከመካከላችን ዙህርና ዐስርን ሰብስቦ ሁለት ሁለት ረከዓ እየሰገደ፣ ጁሙዓን ትቶ፣ ጀመዓን ረስቶ በሰላም የሚተኛ ነበር። ለምን ሲባል መልሱ "ሩኽሳ አለን" ነው።

እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ የማወራው መድረሳ ገብቶ ሰፊናን የቀራ ልጅ የሚያውቀውን ያህል ነው፣ ከመሄዴ በፊትም ኡስታዜን ጠይቄያለሁ። መዝሀቦቹ በቀኑ ቁጥር ይለያያሉ። ሻፊዒዮችና ማሊኪዮች ዘንድ የገባበትንና የሚወጣበትን ቀን ሳይቆጥር አራት ቀን ለመቀመጥ የነየተ ሰው ሶላቱን አሟልቶ ይሰግዳል። ሐንበሊዮች ዘንድ ከአራት ቀን ካለፈ ነው። ሐነፊዮች ዘንድ ቁጥሩ 15 ቀን ነው። ከሐረር የመጣው ወንድማችን በሻፊዒይ፣ ከወሎ የመጣው በሐነፊይ ያደገ ይሆናል። ሰባት ሳምንት ግን 49 ቀን ነው። ከየትኛው ቁጥር በታች ልታደርገው ነው?

"ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አዘርባጃን ውስጥ ስድስት ወር አሳጥረው ሰግደዋል" የሚል አለ። አዎ፣ ተዘግቧል። መንገዱን በረዶ ዘግቶባቸው ነው። ነገ ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያ ይከፈታል እያሉ የቆዩ ሰው ናቸው። እኛ ግን የመመለሻ ቀኑ የታተመበት ትኬት በኪሳችን ይዘን ነው ከቦሌ የተነሳነው።

ከጓደኞቼ አንዱ ኪታብ የሚያገላብጥ ነውና ኢብኑ ተይሚያን አመጣ። እሳቸው በቀን ቁጥር አይወስኑም፤ ሙሳፊርንና ሙቂምን የሚለየው ዑርፍ፣ ማለትም የሰዉ ልማድ ነው ይላሉ። ክርክሩ ጠንካራ ነው፣ አላቃልለውም። እሺ፣ በዑርፍ እንሂድ። ክፍላችን ውስጥ ሁለት ዓይን ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ድስትና መጥበሻ፣ ቁምሳጥን ነበር። ወርሃዊ የባቡር ትኬት ነበረን። ቅዳሜ ቅዳሜ ምድር ቤት ባለው ማሽን ልብሳችንን እናጥባለን። ይኸው ወንድሜ ሐላል ዶሮ የትኛው ሱቅ እንዳለ፣ ሽንኩርት የት እንደሚረክስ በሁለተኛው ሳምንት በቃሉ ያውቅ ነበር። ይህን ሰው ገበያ መሐል አቁማችሁ አላፊ መንገደኛ ነው ወይስ እዚህ የሚኖር ብላችሁ ብትጠይቁ ሰዉ ምን ይላል? ለሽንኩርት ነዋሪ፣ ለዙህር መንገደኛ መሆን አይቻልም።

እንዲያውም ነጋዴዎቹ ከእኛ ቀድመው መልሰውታል። ለረጅም ቆይታ ተብሎ ወጥ ቤት ያለው ክፍል የሚያከራየውን የሆቴል ዓይነት ካስፋፉት ሰዎች ዋነኛው ጃክ ዲቦር የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ካንሳስ ግዛት ዊቺታ ከተማ ውስጥ የከፈተውን ሆቴል "ሬዚደንስ ኢን" አለው፤ ሬዚደንስ ማለት መኖሪያ ነው። ማሪዮት በ1987 ገዛው፤ ዛሬ ሌሎቹም ትልልቅ ሆቴሎች የዚህ ዓይነት ቅርንጫፍ አላቸው። ለሥራ ሄዶ ሳምንታት የሚቀመጥ ሰው አልጋና ምግብ ቤት ብቻ እንደሚሰለቸው፣ ቤት እንደሚፈልግ ገባቸው። ስለዚህ ቤት ሸጡለት።

ቤት ሸጡለት እንጂ ጎረቤት አልሸጡለትም። የኔ ስጋት ያለው እዚህ ላይ ነው። ክፍሉ ሁሉን ነገር አሟልቶ ስለሚሰጥህ የማንንም በር ሳታንኳኳ ሁለት ወር ታልፋለህ። ከሥራ ትመጣለህ፣ ካርዱን በሩ ላይ ታስነካለህ፣ በሩ ከኋላህ ይዘጋል፤ እስከ ነገ ጠዋት አየሁህ የሚል የለም። ሱብሒ ቢያልፍህ የሚያውቅ የለም፤ እዚህ ግቢ ግን ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነን አንዱ ሌላውን እግሩን ጎትቶ ያስነሳል። የእኛ ቀደምቶች ማረፊያ ሲሠሩ ይህን ያሰቡበት ይመስለኛል። ቱርክ አገር አክሳራይ አጠገብ በ1229 የተሠራው ሱልጣን ሐን የሚባለው የነጋዴዎች ማረፊያ፣ መስጂዱ የቆመው ግቢው መሐል ነው። ከየትኛውም ክፍል ብትወጣ እሱን ታያለህ። ወሎ ለመቅራት የሄደ ደረሳ ደግሞ ምግቡን ከየቤቱ ስለሚያገኝ ሳይወድ በግዱ አገሬውን ይተዋወቃል።

በነገራችን ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ በየሆቴሉ መሳቢያ መጽሐፍ ቅዱስ የማስቀመጥ ልማድ ከ1908 ጀምሮ ያለ ነው። የጀመሩት ጌድዮን የሚባሉት ማኅበርተኞች ሲሆኑ፣ ማኅበሩን የመሠረቱት ሆቴል ለሆቴል የሚዞሩ ሻጮች ነበሩ። መንገዳችን ሌላ ነው፤ ብቻውን ክፍል የተቆለፈበት ሰው ምን እንደሚሆን ግን በደንብ ያውቁ ነበር።

ወደ ፍራንክፈርት ልመለስ። ለውጡ የመጣው በትንሽ ነገር ነው። ማታ ማታ ባዶ የሚያድር ትንሽ የስብሰባ ክፍል ነበር፤ ከመካከላችን ያለችው እህት ሪሴፕሽን ሄዳ ጠየቀች። ቁልፉን ወዲያው ሰጧት፣ አንድ ሳንቲም አልከፈልንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መግሪብን በጀመዓ ሰገድን። ሩኽሳ ይል የነበረውም ወንድማችን ኢማማችን ሆነ፤ ቂርአቱ ከሁላችንም ይበልጣል። ሙሉ ነው የሚያሰግደው።

ቂብላው ራሱ ወሬ ነበር። ከአዲስ አበባ ቂብላ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል፣ ወደ ምሥራቅ አምስት ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘነብላል። ከፍራንክፈርት ግን ከሰሜን በሰዓት አቅጣጫ 128 ዲግሪ ገደማ፣ ደቡብ ምሥራቅ ነው። አንዱ የመካኒካል ተማሪ (ስሙን አልጠራም፣ ራሱን ያውቃል) ስልኩን ፍሪጁ ላይ አስቀምጦ ለካ። የስልክ ኮምፓስ ብረት አጠገብ ይሳሳታል፤ ፍሪጅ አለ፣ ግድግዳው ውስጥም ፌሮ አለ። ደጅ ወጥታችሁ ለኩ፣ ወይም ካርታ ላይ ከመንገዱ አቅጣጫ ጋር አስተያዩት።

የሰዓቱ ነገር ከዚህም ይከብዳል። በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ፍራንክፈርት በ50ኛው ዲግሪ ላይ ስላለች፣ ቀኑ እጅግ በሚረዝምበት ሰሞን ፀሐይ እኩለ ሌሊት ላይ እንኳ ከአድማስ በታች 16 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው የምትወርደው። አንዳንድ ሠንጠረዦች ለዒሻ የሚጠቀሙበት 18 ዲግሪ ሌሊቱን ሙሉ አይደርስም። ስለዚህ አምስት ስልክ አምስት ዓይነት የዒሻ ሰዓት ይሰጣል። እኛ ሂሳብ ስንሠራ አመሸን፤ የመስጂድ ሰዎች ግን ጉዳዩን ከዓሊሞቻቸው ጋር ጨርሰው ሠንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ሆቴላችን ኒደራድ የሚባል የቢሮዎች ሰፈር ነበር፤ ከዚያ እስከ ዋናው ባቡር ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ በጣቢያው ዙሪያም መስጂዶች አሉ። ሰፈሩ ራሱ መጠጥ ቤት የበዛበት፣ ሱሰኛ መንገድ ላይ የሚወድቅበት ነው፤ "ዓይንህን ሰበር አድርግ" የሚለው ምክር የሚያስፈልገው እዚያ ነው። በጓሮ በኩል ገብተህ ደረጃ ስትወጣ ግን ሰፉ ሞልቶ ታገኘዋለህ፤ ሞሮኮ፣ ቱርክ፣ አፍጋን፣ ሶማሌ፣ የእኛም ሰዎች። ለጁሙዓ የምሳ ሰዓታችን እንዲገፋልን የፋብሪካውን አለቃ ስንጠይቀው ሰዓቱን ማታ እንድናካክስ ብቻ ነው የነገረን። ሳይጠይቁ "አይፈቅዱም" ማለት ይበዛብናል።

አሁን ሰው ሊቆጣኝ ወደሚችልበት ልግባ። ቁርስ ቡፌ ነው፣ በክፍያው ውስጥ ነው። ምግብ ይዞ መውጣት እንደማይቻል በር ላይ ተጽፏል። ጠዋት ጠዋት ግን በናፕኪን የተጠቀለለ ዳቦና እንቁላል በቦርሳ ይወጣል፤ ለምሳ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ አበሉ ተቆጥቦ ለእናት የሚላክ ነው፣ እኔም ልኬያለሁ። ሆኖም ሸርጡን አይተህ ገብተሃል፣ ሸርጥ ደግሞ ካፊር ያውጣው ሙስሊም ያውጣው ሸርጥ ነው። ለዶሮው የሐላል ማህተም ፍለጋ ሦስት ሱቅ የዞረ ሰው የእንቁላሉን ሐላልነት እንዴት አይጠይቅም? ምድጃና ፍሪጅ ባለበት ክፍል ደግሞ ችግር አስገደደኝ አይባልም። አሥር እንቁላል ገዝተህ ማታ ቀቅል። ድስቱ አሳማ ተሠርቶበት ይሆናል የሚል ደግሞ አቡ ሠዕለባ ይህንኑ ጉዳይ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) እንደጠየቁ ይወቅ፤ ሌላ ካልተገኘ አጥቦ መጠቀም ነው።

የሰው ሐቅ በሌላም በኩል አለ። የአውሮፓ መታጠቢያ ቤት ብዙ ጊዜ ከሻወሩ ውጭ ወለሉ ላይ ውሃ መውረጃ የለውም። ኢስቲንጃውን በጠርሙስ፣ የውዱን እግር በእጅ መታጠቢያው ላይ ስታደርግ ውሃው ወለሉ ላይ ይቆማል፣ ወደ ታችኛው ክፍልም ይሰርጋል። የእኛን ፎቅ የምታጸዳው ሴት ኤርትራዊት ነበረች፣ አማርኛ ትችላለች። ክፍሉ የሚጸዳው በሳምንት አንዴ ነው፤ ለእያንዳንዱ ክፍል የተሰጣት ደቂቃ ደግሞ የተቆጠረ ነው። የሙስሊሞቹን ክፍል በሩን ስትከፍት በውሃው እንደምትለየው ነገረችን። ስትናገር አልተቆጣችም፣ እየሳቀች ነው፤ እኔ ግን እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። እግርህን ሻወሩ ውስጥ ታጠብ፣ ወለሉን በአሮጌ ፎጣ አድርቅ፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ስናገኛት እናቴ እያልን ነው የምናወራት፣ ልጆቿን እስከ መጠየቅ ደረስን። ሰባት ሳምንት አንድ ቤት ውስጥ ስትኖር ያለህ ጎረቤት እሷ ናት።

ለጀመዓው ኮሚቴ የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። ተጓዥ ሲኖር ምክሩ ከአሳማና ከመጠጥ አይጀምር። መጀመሪያ "ስንት ቀን ትቀመጣለህ?" ተብሎ ይጠየቅ፣ መልሱን ይዞ ወደ ኡስታዝ ይላክ፤ ከዚያ ለሆቴሉ ቅርብ የሆነው መስጂድ ካርታ ላይ ይፈለግለት።

በኅዳር ወደዚያው የሚሄዱ ሦስት ተማሪዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። የእናንተ ሰዓት ከእኛ የተገለበጠ ነው። በኅዳር አጋማሽ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፣ ዙህርም ዐስርም መግሪብም የሥራ ሰዓት ውስጥ ይወድቃሉ። ስለዚህ አለቃችሁን በመጀመሪያው ቀን አነጋግሩት፣ የምትሰግዱበትን ጥግ ያኔውኑ ያሳያችሁ። የመስጂዶቹን አድራሻ በወረቀት ጽፌዋለሁ፤ ከመግሪብ በኋላ ከግቢ ውጭ ባለው መስጂድ በር ላይ ታገኙኛላችሁ።