ቀና ሲሉ የሚነሣ፣ ሲተኙ የሚተው ራስ ምታት



በኦፕራሲዮን የወለደች እህታችን በማግስቱ ጠያቂ ለመቀበል ቀና ስትል ራሷ ሊፈነዳ ይደርሳል፤ ያቅለሸልሻታል። ጋደም ስትል ግን ይተዋታል። ከቤተሰቡ አንዱ «ብርድ ነው»፣ ሌላው «ዓይን ነው» ይላል። «አራስ ተሞላቀቀች» የሚልም አይጠፋም። በዚህ ወር ዓምዳችን የሕመሙን ትክክለኛ ምክንያት ልናስረዳ ወደድን።

አላህ (ሱ.ወ.) አንጎላችንንና ሕብለ ሰረሰራችንን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ በሆነ ንጹሕ ፈሳሽ ከቧቸዋል። ለማደንዘዣ በወገብ የሚገባው መርፌ የፈሳሹን ከረጢት ይበሳል። ቀዳዳው ቶሎ ካልደፈነ ፈሳሹ እየፈሰሰ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ሰውየው ቀና ሲልም አንጎሉ ወደ ታች ይሳባል፣ ሽፋኖቹ ይወጠራሉ። አልፎ አልፎ ያለ መርፌም ከረጢቱ በራሱ ተሸንቁሮ ሕመሙ ድንገት ይጀምራል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም አውጉስት ቢር በ1898 እ.ኤ.አ. ማደንዘዣውን በራሱ ላይ ካስሞከረ በኋላ በዚሁ ራስ ምታት ለቀናት ተኝቷል።

ከመርፌ በኋላ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሻላል። እረፍት፣ በቂ መጠጥና ሐኪም ያዘዘው ማስታገሻ ይረዳሉ፤ ቡናም ለጊዜው ያስታግሳል። ካልተሻላት ሐኪሙ ከክንዷ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ቀድቶ በወገቧ፣ ከከረጢቱ ውጭ ይሰጣታል። ደሙ ረግቶ ቀዳዳውን ይደፍናል።

ስለዚህ ለሐኪሙ «ራሴን አመመኝ» ብቻ አትበሉ፤ «ቀና ስል ያመኛል፣ ስተኛ ይተወኛል» በሉ። የወገብ መርፌ እንደተወጋችሁም ንገሩት። ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ የዓይን ብዥታ፣ መንቀጥቀጥ ወይም የእጅና እግር መስነፍ ከታየ፣ ወይም ሕመሙ በመተኛትም አልተው ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ነው። የአራስ ደም ግፊትና ሌላ አደገኛ በሽታም በራስ ምታት ይጀምራልና።

ሶላት ግዴታው የሆነ ታማሚ መቆም ካቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ካቃተው በጎኑ ተጋድሞ ይሰግዳል። ዲናችን ካገራለት፣ እኛ አራሷን ለጠያቂ ብለን ቀና በይ እያልን ለምን እናስጨንቃታለን? ዱዓውም ሩቅያውም ይቀጥል፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የኛ ድርሻ ነው።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። አሚን።